ፍሬዲ ሜርኩሪ፦ ከፍታው የቱ፣ ዝቅታውስ የቱ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሮክ አድናቂዎች በተሰበሰቡበት የፍሬዲ ሜርኩሪ ስም ከተነሳ ጨዋታው ወዲያው ሙግት ይሆናል። አንዱ "ከ1975 በኋላ ያለውን ተወው" ይላል። ሌላው "ላይቭ ኤይድን ያላየ ስለ ፍሬዲ አያውራ" ብሎ ይቆጣል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ይቆይና የመጨረሻውን አልበም ይከፍትላችኋል። ከዚህ በታች በየሙግቱ የማይቀሩትን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ። መልሶቹ ውስጥ የራሴ አድልዎ አለበት፤ አልደብቅም። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ፍሬዲ ሜርኩሪ ማን ነበር?

ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ዘፋኝ ነው። ፒያኖም ይጫወታል፣ ብዙዎቹን ታዋቂ ዘፈኖች የደረሰውም እሱ ነው። የትውልድ ስሙ ፋሮክ ቡልሳራ ይባላል። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1946 ዛንዚባር ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከህንድ የመጡ ፓርሲዎች፣ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች ነበሩ። አባቱ በእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆነው ይሠሩ ነበር። ልጃቸውን ገና በልጅነቱ ህንድ፣ ፓንችጋኒ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩት። ፒያኖውን ያጠናከረው፣ የመጀመሪያ ባንዱንም ያቋቋመው እዚያ ነው። በ1964 የዛንዚባር አብዮት ሲፈነዳ ቤተሰቡ ንብረቱን ጥሎ ለንደን ገባ።

እንግዲህ "እንግሊዛዊው ዘፋኝ" ሲባል ሰውየው የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ መሆኑን ማስታወስ አይከፋም። እሱ ራሱ ግን ስለ ዛንዚባር በአደባባይ ማውራት አይወድም ነበር።

ለንደን ውስጥ በኢሊንግ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ግራፊክስ ተማረ። የኩዊንን አርማ የሣለውም እሱ ነው። በ1970 ከጊታር ተጫዋቹ ብራያን ሜይና ከድራመሩ ሮጀር ቴይለር ጋር ተጣመረ። በማግስቱ ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆን ዲከን ሲጨመር ባንዱ ሞላ። አራቱም እስከ መጨረሻው አልተለያዩም። በሮክ ዓለም ይህ ብርቅ ነው።

አድናቂዎች ከፍታው ነው የሚሉት የትኛውን ነው?

ሦስት ጎራ አለ። የመጀመሪያው 1975ን፣ "ቦሄሚያን ራፕሶዲ" የወጣበትን ዓመት ይመርጣል። ሁለተኛው 1985ን፣ ላይቭ ኤይድን። ሦስተኛው አነስ ያለ ጎራ ነው፤ ከ1989 እስከ 1991 ያለውን፣ ሰውየው ታሞ የዘፈነበትን ጊዜ ይይዛል። እኔ የሦስተኛው ወገን ነኝ። ለምን እንደሆነ ከታች እደርስበታለሁ።

"ቦሄሚያን ራፕሶዲ" እውነት ያን ያህል ነው ወይስ ተጋኗል?

አልተጋነነም። ዘፈኑ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የቀረው። በዚያ ዘመን ሬዲዮ ጣቢያዎች ከሦስት ደቂቃ ያለፈ ዘፈን ሲመጣላቸው ፊታቸውን ያጠቁሩ ነበር። አዝማች የሚባል ነገር የለውም። በለሆሳስ ይጀምራል፣ ወደ ኦፔራ ይዘላል፣ ከዚያ ሮኩ ይፈነዳል፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይበርዳል። የኦፔራው ክፍል ብቻ ሦስት ሳምንት ያህል ስቱዲዮ ፈጀ። ያ ሁሉ የመዘምራን ጋጋታ የሦስት ሰው ድምፅ ነው፤ ፍሬዲ፣ ብራያንና ሮጀር ድምፃቸውን በድምፃቸው ላይ ደራርበው ቀዱት።

ጆን ዲከንስ? እሱ አይዘፍንም። ቤዙን ይዞ ዝም።

ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ ለዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ፍሬዲ በ1991 ሲሞት እንደገና ወጥቶ እንደገና አንደኛ ሆነ። የ1975 ጎራ ሰዎች "ይህን የሚያህል ድፍረት ከዚያ በኋላ አላሳየም" ሲሉ ከእውነት የራቁ አይደሉም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ያኔ ፍሬዲ በዋናነት የስቱዲዮ ሰው ነበር። የኦፔራውን ክፍል መድረክ ላይ መዝፈን ስላልቻሉ መብራት አጥፍተው ካሴቱን ይለቁት ነበር። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ በአንድ እጁ የሚያንቀሳቅሰው ፍሬዲ ገና አልተፈጠረም።

ላይቭ ኤይድ ላይ ምን ተፈጠረ? እኛስ ምን አገባን?

ያገባናል፣ ነገሩ የሚጀምረው ከኮረም ነው። ኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ በቴሌቪዥን ታየ። የሰባ ሰባቱ ድርቅ የምንለው ማለት ነው። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ያንን አይቶ መጀመሪያ ባንድ ኤይድ የተባለውን የሙዚቀኞች ስብስብ አቋቋመ፤ ቀጥሎ ላይቭ ኤይድ የሚባለውን ኮንሰርት አዘጋጀ። ኮንሰርቱ ቅዳሜ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው ዌምብሌይ ስታዲየምና አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ቀን ተካሄደ። በሳተላይት መላው ዓለም ተከታተለው።

ዌምብሌይ ውስጥ 72,000 ሰው ነበር። ሕዝቡ የኩዊን ብቻ አልነበረም። ዩቱን፣ ዴቪድ ቦዊን፣ ዘ ሁን፣ ኤልተን ጆንን ብሎ የመጣ ነው። ኩዊን ወደ መድረክ የወጡት ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያኔ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ41 ሆኗል። ለንደን ላይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መብራት የለ፣ ጭስ የለ፣ ርችት የለ። ለእያንዳንዱ ባንድ የተፈቀደው 20 ደቂቃ አካባቢ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ብዙዎቹ እንደ በጎ አድራጎት ዝግጅት ቆጥረውት ቀለል አድርገው መጡ። ኩዊን ግን ቲያትር ቤት ተከራይተው፣ ሰዓት ይዘው ተለማመዱ። አዲስ ዘፈን ለማስተዋወቅ አልሞከሩም። ሕዝቡ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች አሳጥረው አንዱን በሌላው ላይ ቀጣጠሏቸው። "ቦሄሚያን ራፕሶዲ"ን ግማሹን ብቻ። ቀጥሎ "ሬዲዮ ጋ ጋ"። እዚህ ላይ ያ ሁሉ ሺህ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ በአንድ ምት ሲያጨበጭብ ይታያል። ከዚያ ፍሬዲ ብቻውን ቆሞ "ኤ ኦ" እያለ ሕዝቡን ማስደገም ያዘ። አዝማሪ "ተቀበል!" ሲል ቤቱ እንደሚቀበለው ነው፤ ልዩነቱ ቤቱ ስታዲየም መሆኑ ነው። አንዷን ድምፅ ይዞ ረዘም አድርጎ ለቀቃት፣ ሕዝቡም መለሰለት። በ"ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ" ዘጋው። 21 ደቂቃ ገደማ ነው ሁሉም። በ2005 እንግሊዝ ውስጥ የሙዚቃ ባለሙያዎች በሰጡት ድምፅ ከሮክ የመድረክ ሥራዎች ሁሉ አንደኛ ተባለ።

እንደ ኢትዮጵያዊ ያንን ቪዲዮ ማየት ግን ደስታ ብቻ አይደለም። ከኩዊን ቀጥሎ ዴቪድ ቦዊ ወጣ። ሊዘፍናቸው ካሰባቸው አንዱን ትቶ በዚያ ሰዓት የረሃቡ ፊልም እንዲታይ አደረገ። ያ ሲጨፍር የነበረ ስታዲየም ጸጥ አለ። የፍሬዲን 21 ደቂቃ ብቻ ቆርጠን በስልካችን ስናይ ይህ ክፍል ይቀርብናል። ሙሉውን ያየ ሰው ድግሱ የተጠራበትን ምክንያት አይዘነጋም።

ታዲያ ላይቭ ኤይድ ከፍታው አይደለም እንዴ?

እንደ መድረክ ሰው አዎ። ማንም ሊከራከር አይችልም። እንደ ሙዚቀኛ ግን የዚያን ቀን የፈጠረው አዲስ ነገር የለም። ለዓመታት የሠራውን በ21 ደቂቃ ጠቅልሎ አቀረበ። የሰውን ሙሉ ሕይወት በእሷ ብቻ መለካት አልወድም።

ኩዊን ባንድ ኤይድ ላይ ለምን የሉም?

ባንድ ኤይድ ለረሃቡ ዕርዳታ የሠራው የገና ዘፈን ኖቬምበር 25 ቀን 1984 ሲቀረጽ የኩዊን አባላት አልነበሩበትም። በዚያ ሰሞን ስማቸው የሚነሳው በሌላ ጉዳይ ነበር፤ ቀጥሎ ወዳለው ጥያቄ እለፉ።

በነገራችን ላይ ያ ዘፈን "ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?" እያለ ሲጠይቅ የእኛ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ላሊበላ ላለበት አገር የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም። የለገሱት ሰዎች ግን ከልባቸው ነው የለገሱት። በኋላ የእኛዎቹ የሕዝብ ለሕዝብ ሙዚቀኞች ምስጋና ይዘው ዓለምን ዞረዋል።

ትልቁ ዝቅታ የቱ ነው? "ሆት ስፔስ" አይደለም?

አብዛኛው አድናቂ በ1982 የወጣውን "ሆት ስፔስ" አልበም ይጠቁማል። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1980 ጆን ዲከን የደረሰው "አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት" የተባለ የዳንስ ምት ያለው ዘፈን አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ፍሬዲና ዲከን "እንግዲህ በዚሁ እንግፋበት" አሉ። ሙኒክ ገብተው የዲስኮና የፈንክ አልበም ሠሩ። የብራያን ሜይ ጊታር ጥግ ያዘ። ብራያን ደስ አላለውም፣ ከዚያ ወዲህም አልደበቀውም። ያኔ ፍሬዲ ሙኒክ ውስጥ ሌሊቱን በክለብ፣ ቀኑን በእንቅልፍ ያሳልፍ ነበር። ሥራው ላይ ይታያል።

የሮክ ወዳጆች ቀድሞውንም ተቀይመው ነበር። ፍሬዲ በ1980 ረጅም ፀጉሩን ተቆርጦ ጺሙን ከላይ ሲያሳድግ መድረክ ላይ ምላጭ ይወረውሩለት ነበር። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ሲንተሳይዘር የበዛበት አልበም ሲሰጧቸው ምን እንደሚሉ መገመት ነው።

ይህን ያህል ግን መጥፎ አልበም አይደለም። መጨረሻው ላይ ከቦዊ ጋር የሠሩት "አንደር ፕሬሸር" አለ፤ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ የሆነ ዘፈን ነው። በዚያው ክረምት ሚልተን ኪንስ በተባለ ቦታ የዘፈኑበትን ኮንሰርት ብታዩ ደግሞ እነዚያው "ደካማ" የተባሉ ዘፈኖች በጊታርና በድራም ሲመቱ ሌላ ነገር ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ጥፋቱ የዘፈኖቹ ብቻ አይደለም፣ የአቀራረጹም ነው። ያልተሳካ ሙከራ ነው ልንለው እንችላለን። ለእኔ ዝቅታው ሌላ ቦታ ነው።

የት?

ሰን ሲቲ። ኦክቶበር 1984።

ሰን ሲቲ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለ የቁማር ቤትና የመዝናኛ መንደር ነው። አፓርታይድ ጥቁሮችን ለመለየት ብሎ "ነፃ አገር" ብሎ በሰየማት፣ ከራሱ ከደቡብ አፍሪካ መንግሥት በቀር ማንም ባልተቀበላት ቦፑታትስዋና ውስጥ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት አርቲስቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው እንዳይሠሩ ጥሪ አድርጎ ነበር። የብሪታንያ የሙዚቀኞች ማኅበርም ከልክሏል። ኩዊን ሄዱ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ የፍሬዲ ጉሮሮ ተዘግቶ የተወሰኑት ዝግጅቶች ተሰረዙ። ሲመለሱ ማኅበሩ በገንዘብ ቀጣቸው፣ ስማቸውም በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ተከላካዮቻቸው የሚሉትን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ እዚያ የሄዱት እነሱ ብቻ አይደሉም፤ ፍራንክ ሲናትራም፣ ኤልተን ጆንም፣ ሮድ ስቱዋርትም ሄደዋል። ሁለተኛ፣ እዚያው አካባቢ መስማትና ማየት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ ረድተዋል። ሦስተኛ፣ ባንዱ "እኛ ለሕዝብ ነው የምንዘፍነው፣ ፖለቲካ ውስጥ የለንበትም" ብሏል።

ሁለተኛውን እቀበላለሁ። ሦስተኛውን ግን ልቀበለው አልችልም። የቁማር ቤት መግቢያ መክፈል የሚችል ማን እንደነበረ ይታወቃል። ደግሞ ወሩን አስተውሉ። ከኮረም የመጣው ዘገባ የታየው በዚያው ኦክቶበር ነው። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ያው ባንድ፣ ያው ዘፋኝ፣ ለአፍሪካ ብሎ ዌምብሌይ ላይ ቆመ። ላይቭ ኤይድ ከሰን ሲቲ በኋላ ስማቸውን አደሰላቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ብዙ የአድናቂ ሙግት ሁለቱን ለየብቻ ያወራቸዋል። የአንድ ዓመት ታሪክ ናቸው፣ አብረው ነው መነሳት ያለባቸው።

በ2003 ኬፕታውን ውስጥ ለኔልሰን ማንዴላ የኤድስ ዘመቻ በተዘጋጀው ትልቅ ኮንሰርት ላይ ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር ተገኝተው ተጫውተዋል። ፍሬዲ ያንን ቀን አላየም።

አሜሪካ ለምን ፊቷን አዞረችባቸው?

ብዙ ሰው በ1984 የወጣውን የ"አይ ዋንት ቱ ብሬክ ፍሪ" ክሊፕ ያነሳል። አራቱም የሴት ልብስ ለብሰው ቤት ሲጠርጉ የሚታዩበት ነው። ፍሬዲ ጺሙን እንዳደረገ አጭር ጉርድ ለብሶ ምንጣፍ ይጠርጋል። እንግሊዞች ከሚወዱት አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የተቀዳ ቀልድ መሆኑ ወዲያው ገባቸውና ሳቁ። አሜሪካኖች ግን ድራማውን አያውቁትም፤ ቀልዱም አልገባቸው። ደግሞ ከ"ሆት ስፔስ" ጀምሮ ነገሩ ቀዝቅዞ ነበር። ከ1982 በኋላ ፍሬዲ አሜሪካ ውስጥ ከኩዊን ጋር አልዘፈነም። በላቲን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ግን ስታዲየም መሙላታቸውን ቀጠሉ።

ብቻውን የሠራው አልበምስ?

"ሚስተር ባድ ጋይ" ይባላል፣ በ1985 ወጣ። እንግሊዝ ውስጥ ስድስተኛ ደረጃ ደረሰ፣ አሜሪካ ውስጥ ግን አልሸጥ አለ። ለድመቶቹ ነው ያበረከተው፤ ይህች ብቻ አልበሙን ታስወድደኛለች። ዘፈኖቹ መጥፎ አይደሉም። የጎደለው ተከራካሪ ነው። ኩዊን ውስጥ "ይህ አይሆንም" የሚሉ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እዚህ ማንም የለም። ፍሬዲም ይህ የገባው ይመስለኛል፤ ወደ ባንዱ የተመለሰው ጊዜ ሳይፈጅ ነው።

ፊልሙ ላይ ባንዱ ተበትኖ ለላይቭ ኤይድ እንደተመለሰ ይታያል። እውነት ነው?

አይደለም። የ2018ቱ "ቦሄሚያን ራፕሶዲ" ፊልም ራሚ ማሌክን ኦስካር አሸልሟል፤ ትወናው ይገባዋል። ታሪኩን ግን እንደ ታሪክ አትውሰዱት። ኩዊን አልተበተኑም። በ1984 አልበም አወጡ፣ በጃንዋሪ 1985 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ግዙፍ ኮንሰርት አቀረቡ፣ እስከ ሜይ 1985 ድረስ ጉዞ ላይ ነበሩ። ላይቭ ኤይድ ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ነው። በደንብ ተሟሙቀው ነው የመጡት። ብቻውን አልበም በመሥራትም ፍሬዲ የመጀመሪያው አይደለም፤ ሮጀር ቴይለር በ1981 ቀድሞታል።

ትልቁ ቅጥፈት ግን የሕመሙ ነው። ፊልሙ ከላይቭ ኤይድ በፊት ለጓደኞቹ ሲነግራቸው ያሳያል። ኤች አይ ቪ በደሙ እንዳለ ያወቀው በ1987 ነው። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ላይቭ ኤይድ ላይ ያያችሁት ሰው የሞት ፍርድ ይዞ የሚዘፍን ሰው አልነበረም። ያ ሰው የመጣው በኋላ ነው፤ ስታዲየም ላይ ሳይሆን ስቱዲዮ ውስጥ።

ድምፁ ምርጥ የነበረው መቼ ነው?

ይህ ጥያቄ ጓደኛ ያጣላል። መድረክ ላይ ከሆነ እኔ ከ1979 እስከ 1981 ያለውን እመርጣለሁ። በ1981 ሞንትሪያል ውስጥ የተቀረጸው ኮንሰርት ለዚህ ምስክር ነው። ከ1984 በኋላ ድምፁ ወፍሯል፣ ሲጋራውም አለ፣ ከ1975 ጀምሮ የድምፅ አውታሩ ላይ እብጠት እየተነሳ ያስቸግረው ነበር። ለዚህ ነው መድረክ ላይ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ዝቅ አድርጎ ሲያልፋቸው የምትሰሙት። የሮጀር ቴይለር ቀጭን ድምፅ ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል።

በ2016 የአውሮፓ ተመራማሪዎች የተቀረጸ ድምፁን አጥንተው ነበር። ሲያወራ ወፈር ያለ ድምፅ ያለው፣ በባለሙያ አነጋገር ባሪቶን እንደሆነ አገኙ። የሚዘፍነው ግን ቴነር በሚባለው፣ ከፍ ባለው የወንድ ድምፅ ክልል ነው። ጥርሶቹን በተመለከተ፦ አዎ፣ አራት ትርፍ ጥርስ ነበሩት። ድምፄ ይለወጣል ብሎ ስለፈራ አላስነካቸውም።

ከኦፔራ ዘፋኟ ጋር የሠራው ቀልድ ነበር ወይስ ቁም ነገር?

ቁም ነገር፣ ያውም ትልቅ። ሞንሴራት ካባዬ ስፔናዊት የኦፔራ ኮከብ ነበሩ። ፍሬዲ ይሰግድላቸው ነበር። በ1987 ተገናኙ፣ በ1988 "ባርሴሎና" የተባለውን አልበም አወጡ። የሮክ አድናቂው ግራ ተጋባ፣ የኦፔራውም እንዲሁ። ፍሬዲ ግን "ቦሄሚያን ራፕሶዲ" ላይ እንደ ቀልድ የነካውን ነገር እዚህ በእውነተኛው ድምፅ ሠራው። ዋናው ዘፈን በ1992 ለባርሴሎና ኦሎምፒክ ዋለ። ፍሬዲ ያኔ የለም። ለማያውቁት ሰዎች የማስደምጠው የመጀመሪያ ዘፈን ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከፍታ የምትለው ለምንድን ነው?

ከኦገስት 1986 በኋላ ኩዊን ከፍሬዲ ጋር ኮንሰርት አላቀረቡም። የመጨረሻው እንግሊዝ ውስጥ ኔብወርዝ ላይ ነበር። ከዚያ በሽታው መጣ። የእንግሊዝ ጋዜጦች በሩ ላይ ካሜራ ይዘው ያድሩ ጀመር። እሱ ዝም አለ። ኤድስ ያኔ በየትኛውም አገር በሹክሹክታ የሚጠራ ስም ነው፤ እኛም አገር እንደዚያው ነበር።

በ1989 አንድ አልበም፣ በ1991 መጀመሪያ "ኢኑኤንዶ"ን አወጡ። አሁን ከዚህ አልበም "ዘ ሾው መስት ጎ ኦን"ን ስሙ። አብዛኛውን የጻፈው ብራያን ሜይ ነው። ዜማው እጅግ ከፍ ያለ ስለነበር ይህን ሰውነት ይዞ ይችለዋል ብሎ እንዳልጠበቀ ብራያን ደጋግሞ ተናግሯል። ፍሬዲ ቮድካውን ጨለጠና ገብቶ ዘፈነው። ድምፁ ውስጥ ምንም ልመና የለም። "እዘኑልኝ" አይልም። የ1981ዱን ፍሬዲ አምጥታችሁ ይህንን ዘፈን ብትሰጡት ኖታዎቹን በሙሉ ይመታቸዋል፤ እንዲህ ግን አይዘፍነውም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ ድምፁን ያሳየን ነበር። አሁን ዘፈኑን ብቻ ነው የሚያሳየን።

በሜይ 1991 የመጨረሻውን ክሊፕ ሠራ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሰውየው ከስቷል፣ ብዙም አይንቀሳቀስም። በዚያው ሰሞን ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሩ ውስጥ በሚገኘው ስቱዲዮ "ማዘር ላቭ"ን ጀመረ። የመጨረሻው ስንኝ ሲቀር ደከመው። "ተመልሼ እጨርሰዋለሁ" ብሎ ወጣ። አልተመለሰም፤ ስንኙን ብራያን ዘፈነው። ዘፈኑ በ1995 ሲወጣ እንደዚያው ነው የወጣው፣ መጨረሻ ላይ ድምፁ ሲቀየር ይሰማችኋል።

ኖቬምበር 23 ቀን 1991 ኤድስ እንዳለበት መግለጫ አወጣ። በማግስቱ አረፈ። 45 ዓመቱ ነበር።

ሦስተኛው ጎራ ስሜታዊ ነው የሚሉን አሉ። "በሽታውን እያሰባችሁ ነው የምትሰሙት" ይሉናል። ሊሆን ይችላል። አንድ ሙከራ ግን አለ፦ ታሪኩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው "ኢኑኤንዶ"ን አሰሙት፣ ምንም አትንገሩት። ፊቱን እዩ።

ያለ ፍሬዲ ያለው ኩዊንስ ኩዊን ነው?

ጆን ዲከን አይመስለኝም ያለ ይመስላል፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከሙዚቃው ዓለም ወጣ። ብራያንና ሮጀር ግን መጀመሪያ ከፖል ሮጀርስ፣ በኋላ ከአዳም ላምበርት ጋር ቀጥለዋል። ላምበርት ጎበዝ ነው፣ "ፍሬዲን ልተካ አልመጣሁም" ማለቱንም እወድለታለሁ። ቲኬት ካገኛችሁ ሂዱ። ሙግቱ ውስጥ ግን አታስገቡት።

አዲስ አድማጭ ከየት ይጀምር?

ምርጥ ዘፈኖች ከተሰበሰቡበት አልበም አትጀምሩ፤ ሁሉም ጫፍ ጫፉ ስለሆነ ልዩነቱ አይታወቃችሁም። "ቦሄሚያን ራፕሶዲ" ያለበትን አልበም፣ "ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራ"ን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙ። ቀጥሎ የሞንትሪያሉን ኮንሰርት እዩ። ላይቭ ኤይድን ከዚያ በኋላ፣ ከቻላችሁ ከቦዊው ክፍል ጋር። "ሆት ስፔስ"ን በሚልተን ኪንስ በኩል ቅረቡት እንጂ በቀጥታ አትግቡበት። "ኢኑኤንዶ"ን ለብቻችሁ፣ በምሽት፣ በጥሩ ጆሮ ማዳመጫ። "ሚስተር ባድ ጋይ" ደግሞ ቤት ስታጸዱ ይሆናል።